ከማደንዘዣው በኋላ ያልነቃው እግር

በዲሴምበር 1997 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለሐኪሞች አንድ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ነገሩ ኢኖክሳፓሪን የተባለ መርፌ ነበር። ይህ መርፌ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት አልጋ ላይ የዋለ ሰው እግሩ ውስጥ ደም እንዳይረጋበት፣ የረጋውም ተነሥቶ ሳንባው ውስጥ እንዳይሰነቀር የሚከላከል ነው፤ የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል። ማስጠንቀቂያው ግን ሌላ ወሬ ይዟል። መድኃኒቱን ሲወስዱ በወገባቸው በኩል ማደንዘዣ ከተሰጣቸው ወይም ከጀርባቸው ፈሳሽ ከተቀዳላቸው ሰዎች መካከል ከ30 የሚበልጡት በህብለ ሰረሰራቸው ዙሪያ ደም ፈስሶባቸዋል። አብዛኞቹ የአጥንት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው በዕድሜ የገፉ ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ እግራቸው ለረጅም ጊዜ፣ አንዳንዶቹም እስከ ወዲያኛው ሽባ ሆኗል። ጉልበቷን ታክማ ደረጃ ለመውጣት ተስፋ አድርጋ የገባች እናት ጭራሽ መቆም አቅቷት ወጣች ማለት ነው።

ግራ የሚያጋባው ደግሞ ይህ ነው፤ ይኸው መድኃኒት አሜሪካ ከመግባቱ ከዓመታት በፊት ጀምሮ አውሮፓ ውስጥ ሲሰጥ ቆይቷል። በ1992 የታተመ አንድ ግምገማ የዚህን መድኃኒት ቤተሰብና የወገብ ማደንዘዣን አንድ ላይ ያገኙ ከ9,000 በላይ ታካሚዎችን ከተለያዩ ጥናቶች ሰብስቦ ቢያይ በነርቭ ላይ የደረሰ ጉዳት አላገኘም። አንድ መድኃኒት፣ አንድ ዓይነት መርፌ፣ አንድ ዓይነት የሰው ገላ። ታዲያ በአንዱ አህጉር ሰላም የሆነው በሌላው ለምን እግር ነሳ?

መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ ብዙ ርቆ መሄድ ያስፈልጋል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ህብለ ሰረሰር ከአንጎል ግርጌ ተነሥቶ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል በተሠራ ቦይ ውስጥ ይወርዳል። አዋቂ ሰው ላይ በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አከርካሪ አካባቢ ያበቃል፤ ከዚያ በታች የሚቀጥሉት ወደ እግር፣ ወደ ፊኛና ወደ ፊንጢጣ የሚሄዱ የነርቭ ሥሮች ናቸው። ህብለ ሰረሰሩን ከሸፈኑት ሦስት ሽፋኖች የውጪው ዱራ ይባላል፤ ወፍራምና ጠንካራ ነው። በዱራና በአጥንቱ መካከል ኤፒዱራል የሚባል ጠባብ ክፍተት አለ። ውስጡ ስብ እና እንደ መረብ የተጠላለፉ፣ ግድግዳቸው የሳሳ ደም መላሽ ሥሮች አሉ።

ክንዳችን ቢመታና ከቆዳ በታች ደም ቢፈስ ያብጣል፣ ይበልዛል፣ ይሻለዋል። ቆዳ ይለጠጣልና። የአከርካሪ ቦይ ግን አጥንት ነው። እዚያ ውስጥ የፈሰሰ ደም የሚሄድበት ስለሌለው ለስላሳውን ህብለ ሰረሰር ይጫናል፤ ህብለ ሰረሰሩም ሲጫን ለራሱ የሚመጣለት ደም ይቋረጥበታል። በዚያን ጊዜ የነርቭ ሕዋሳት መራብ ይጀምራሉ። የተራበ ነርቭ ጥቂት ሰዓት ይታገሣል፤ ከዚያ በኋላ ግን ደሙ ቢወጣለትም አይመለስም። በዚህ በሽታ ላይ የተጻፈው ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚህ ሰዓት ላይ ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት ይህን የሚያውቁት አስከሬን የሚመረምሩ ሰዎች ነበሩ። ጃክሰን የተባለ ሐኪም በ1869 ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ያለ ምንም አደጋ በድንገት በህብለ ሰረሰር ዙሪያ ደም የፈሰሰበትን ታማሚ ታሪክ ጻፈ። ዛሬም ድረስ በዚህ ጉዳይ የሚጽፉ ሐኪሞች መነሻ የሚያደርጉት እሱን ነው። ሕክምና ግን አልነበረም። የአከርካሪን አጥንት ከፍቶ መግባት እንደ እብደት ይታይ ነበር።

ያን ፍርሃት የሰበረው ሌላ በሽታ ነው። ጁን 9 ቀን 1887 ለንደን፣ ኩዊን ስኩዌር በሚገኘው የነርቭ ሆስፒታል ቪክተር ሆርስሊ የተባለው ቀዶ ሐኪም እግሮቹ ሽባ የሆኑበትን፣ በሥቃይ የሚንገበገብ አንድ ካፒቴን አስተኝቶ አከርካሪውን ከፈተ። ከውጭ ሆኖ፣ በእጁ እየዳሰሰና በመርፌ እየወጋ ስሜቱ የት ላይ እንደሚቋረጥ ፈልጎ፣ እዚህ ቦታ ላይ ዕጢ አለ ያለው ዊሊያም ጋወርስ ነበር። ምንም ዓይነት ፎቶ የለም፤ ሮንትገን ራጅን ያገኘው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። ሆርስሊ በመጀመሪያ በከፈተው ቦታ ምንም አላገኘም። ወደ ላይ ጨምሮ አጥንት ሲያነሣ ግን ዕጢው ተገኘ፤ ወጣም። ካፒቴኑ ቀስ በቀስ አገገመ፤ ከዓመት በኋላ በቀን 16 ሰዓት የሚሠራ፣ የሚቆምና የሚራመድ ሰው ሆነ። የተጫነው ነገር ቢነሣለት ህብለ ሰረሰር ሊመለስ እንደሚችል ዓለም ያየው ያን ጊዜ ነው። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በ1897፣ ቤይን የተባለ ሐኪም በአከርካሪ ውስጥ ለፈሰሰ ደም የተደረገ ቀዶ ሕክምና አሳተመ።

በዚያው ሰሞን ጀርመን ውስጥ ሌላ በር ተከፈተ። ሃይንሪሽ ኩዊንከ በ1891 ወገብ ላይ መርፌ አስገብቶ የህብለ ሰረሰርን ፈሳሽ መቅዳት እንደሚቻል አሳየ። ኦገስት 16 ቀን 1898 ደግሞ አውጉስት ቢር በኪየል ከተማ በዚያው መንገድ ኮኬይን ሰጥቶ ቁርጭምጭሚቱ በቲቢ የተበላሸ ሠራተኛን ያለ ሕመም ቀደደው። ብዙም ሳይቆይ ቢርና ረዳቱ ሂልደብራንት እርስ በርሳቸው ሞከሩት። የቢር ሙከራ ሲሪንጁ ከመርፌው ጋር ስላልገጠመ ፈሳሽ አስፈስሶ ለቀናት የሚቆይ ራስ ምታት አተረፈለት፤ የረዳቱ እግር ግን ፍጹም ደነዘዘ። በ1921 የስፔኑ ወታደራዊ ሐኪም ፊደል ፓኸስ መርፌውን ዱራውን ሳይበሳ ኤፒዱራሉ ላይ ማቆም እንደሚቻል ጻፈ። በ1947 ሃቫና ውስጥ ማኑኤል ማርቲኔዝ ኩርቤሎ በዚያ ቦታ ቀጭን ቱቦ ትቶ ማደንዘዣውን ደጋግሞ መስጠት ጀመረ። ዛሬ ምጥ ላይ ያለች እናት ኤፒዱራል ስትጠይቅ የምታገኘው የእነዚህን ሰዎች ሥራ ነው።

እነዚህ መርፌዎችና ቱቦዎች ሁሉ የሚያልፉት በዚያ የደም ሥር መረብ መካከል ነው። መርፌው ሥር መንካቱ ብርቅ አይደለም። ጤነኛ ሰው ላይ ግን ጥቂት ደም ፈስሶ ይረጋል፤ ማንም ሳያውቀው ያልፋል። አደጋው የሚመጣው ደሙ አልረጋም ሲል ነው።

ደም እንዳይረጋ የማድረግ ጥበብ ደግሞ ለብቻው በሌላ መንገድ እያደገ ነበር። በ1916 ጄይ ማክሊን የተባለ የሕክምና ተማሪ በባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ደምን የሚያረጋ ነገር ሲፈልግ የሚከለክለውን አገኘ፤ ሄፓሪን ከዚያ ሥራ ወጣ። በ1933 ክረምት አንድ የዊስኮንሲን ገበሬ በበረዶ አውሎ ነፋስ መካከል የሞተች ጊደርና በቆርቆሮ የተሞላ የማይረጋ ደም ጭኖ ካርል ሊንክ ወደሚሠራበት ቤተ ሙከራ መጣ። ከብቶቹን የፈጃቸው የሻገተ ድርቆሽ ነበር። ከዚያ ፍለጋ በመጨረሻ ዋርፋሪን ተገኘ፤ በመጀመሪያ የአይጥ መርዝ፣ ከ1954 ጀምሮ የሰው መድኃኒት። ኢኖክሳፓሪንም ሄፓሪንን ቆራርጦ በማሳነስ የተሠራ የኋለኛው ትውልድ ነው።

አንዱ ሙያ ደም ሥር ወዳለበት መርፌ ሰደደ። ሌላው ሙያ ደሙን አቀጠነ። ሁለቱ አንድ ታካሚ አልጋ ላይ መገናኘታቸው አይቀርም ነበር።

ሲገናኙ ግን ለረጅም ጊዜ የሚያያቸው አልነበረም። ለምን እንደሆነ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ የዚህ ግኝት እምብርት ያለው እዚህ ነውና። አደጋው እጅግ ብርቅ ነው። በ1993 ትሪባ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ያወጣው ግምት ለኤፒዱራል ከ150,000 አንድ፣ ዱራውን በስቶ ለሚሰጠው ማደንዘዣ (ስፓይናል) ደግሞ ከ220,000 አንድ የማይሞላ ነው። አንድ የማደንዘዣ ሐኪም ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራ ኖሮ አንድም ሳያጋጥመው ጡረታ ሊወጣ ይችላል። ያጋጠመውም ሰው ዕድል ነው ብሎ ያልፋል፤ ወይም አፍሮ ዝም ይላል። እያንዳንዱ ጉዳይ ለብቻው ካርድ ክፍል ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ምክንያቱ የሚታየው ሰው ከከተማ ከተማ፣ ከአገር አገር ሰብስቦ ጎን ለጎን ሲያስቀምጣቸው ብቻ ነው።

ይህን ካደረጉት ዋነኞቹ የቤልጅየሙ ኤሪክ ፋንደርሞለንና ባልደረቦቹ ናቸው። በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍ ከ1906 ጀምሮ በሕክምና መጻሕፍትና መጽሔቶች የተመዘገበውን ሁሉ ፈልገው ከወገብ ማደንዘዣ በኋላ በአከርካሪ ውስጥ ደም የፈሰሰባቸው 61 ሰዎች አገኙ። በ88 ዓመት ውስጥ 61 ሰው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ የተናገረው ግን ብዙ ነው።

ከ61ዱ 42ቱ ደማቸው እንደሚገባ የማይረጋ ሰዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ በመድኃኒት ምክንያት። ይህ ይጠበቅ ነበር። ያልተጠበቀው ሌላው ነው። በ32ቱ ላይ ኤፒዱራል ቱቦ ገብቶ ነበር፤ ከእነዚህም በ15ቱ ደሙ የፈሰሰው ቱቦው በወጣበት ሰዓት ነው። እስከዚያ ድረስ ጥንቃቄው ሁሉ መርፌው ሲገባ ነበር፤ ባለሙያው ተጠንቅቆ ያስገባል፣ ከቀናት በኋላ ደግሞ ተረኛዋ ነርስ ፕላስተሩን ልጣ ሳብ አድርጋ ታወጣዋለች። ማውጣት የማስገባትን ያህል አደገኛ ነው ብሎ ያሰበ ጥቂት ሰው ነበር።

ሦስተኛው ነገር ደግሞ ይበልጥ የሚያሳዝን ነው። ሐኪሞች ይጠብቁ የነበረው ታካሚው ጀርባዬን ቆረጠኝ ብሎ እንዲጮኽ ነው፤ የመማሪያ መጻሕፍቱም የሚሉት ይህንኑ ነበር። የ61ዱ ታሪክ ግን ሌላ ሆነ። በአብዛኞቹ ላይ የመጀመሪያው ምልክት እግር መድከም ወይም መደንዘዝ ነበር። ማደንዘዣ የተሰጠው ሰው እግሩ ቢደነዝዝ ማን ይደነግጣል? መድኃኒቱ ገና አልወጣለትም ይባላል። ሌሊቱን ይተኛ፣ ጠዋት ይታያል ይባላል። ጠዋት ሲታይ ጊዜው አልፏል። ሕመሙን ያጠፋው መድኃኒት ምልክቱንም ሸፈነው። እግራቸው ሽባ በሆነ በ8 ሰዓት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ያገኙት የመዳን ዕድላቸው ጥሩ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ተስፋው ይመነምናል። በጠቅላላው በከፊልም ይሁን በሙሉ ያገገሙት ከመቶ 38ቱ ብቻ ናቸው።

ይህ ጽሑፍ ሲወጣ ኢኖክሳፓሪን አሜሪካ ከገባ አንድ ዓመት ሆኖታል። በ1993 ሲፈቀድ የዳሌ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ታካሚዎች በየ12 ሰዓቱ 30 ሚሊግራም፣ ያውም ቀዶ ሕክምናው እንዳለቀ በቶሎ ተጀምሮ እንዲሰጣቸው ተወሰነ። ወዲያው አንድ ሁለት ሪፖርት መጣ። ከዚያ ሌላ መጣ። መመሪያው ላይ ጥቂት ቃላት ተጨመሩ፤ ሪፖርቱ ግን አልቆመም። በ1997 መጨረሻ ከ30 አለፈ፤ ማስጠንቀቂያውም በወፍራም ክፈፍ ተከቦ በመድኃኒቱ መግለጫ አናት ላይ እንዲታተም ተደረገ።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሣል፦ አውሮፓስ?

በሜይ 1998 የአሜሪካ የከፊል አካል ማደንዘዣ ሐኪሞች ማኅበር ባለሙያዎችን ሰብስቦ ጉዳዩን መረመረ። ከሜዮ ክሊኒክ ቴሬዝ ሆርሎከርና ዴኒስ ዌደል የሁለቱን አህጉራት አሠራር ጎን ለጎን አስቀመጡ። አውሮፓ ውስጥ መድኃኒቱ የሚሰጠው በቀን አንድ ጊዜ ነው፤ 40 ሚሊግራም፣ ብዙ ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነበረው ምሽት። የቀኑ ድምር ከአሜሪካው 60 ሚሊግራም ያንሳል። ዋናው ልዩነት ግን መጠኑ ሳይሆን ሰዓቱ ነበር።

ኢኖክሳፓሪን ከቆዳ በታች ከተወጋ በ3 እና በ4 ሰዓት መካከል ኃይሉ ጫፍ ይደርሳል። ከ12 ሰዓት በኋላም የጫፉ ግማሽ ገደማ ደም ውስጥ አለ። በቀን አንድ ጊዜ የሚወስድ ሰው ከዚያ በኋላ ያሉት ሰዓታት ደሙ ወደ ልማዱ እየተመለሰ የሚሄድባቸው ናቸው፤ መርፌም ቢገባ፣ ቱቦም ቢወጣ የተነካው ሥር ይረጋል። በየ12 ሰዓቱ የሚወስድ ሰው ግን የመጀመሪያው ሳይወጣለት ሁለተኛው ይደረብበታል። መርፌ ለማስገባትም ሆነ ቱቦ ለማውጣት የሚመች ሰዓት የለውም። በዚህ ላይ መድኃኒቱ የሚወጣው በኩላሊት ነው፤ የ75 ዓመት ሴት ኩላሊት ደግሞ እንደ ወጣት አይሠራም፤ አከርካሪዋም በዕድሜ ብዛት ጠቧል። ቀጭን ናት፤ መጠኑ ግን ለሁሉም እኩል ነው።

ምሥጢሩ ይኸው ነበር። አውሮፓውያን ሐኪሞች ከአሜሪካውያን ይልቅ ጥንቁቆች ወይም ዕድለኞች ስለሆኑ አይደለም፤ የሰዓት ልማዳቸው ክፍተት ስለፈጠረላቸው ነው። ከዚያ ስብሰባ የወጣው ምክር ለማንም የሚገባ ነው፦ ለመከላከያ የተሰጠ መድኃኒት ካለ መርፌ ከመግባቱ በፊት ከ10 እስከ 12 ሰዓት ይጠበቅ፤ ቱቦም ሲወጣ ይኸው ይደረግ፤ ቱቦው ከወጣ በኋላም ቀጣዩ መርፌ ወዲያው አይሰጥ። መድኃኒቱ በቀን ሁለት ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ ከነጭራሹ ቱቦው ሳይወጣ አይጀመር። በኖቬምበር 2013 የመድኃኒት አስተዳደሩ ምክሩን አጠናከረው፤ ለመከላከያ መጠን ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለሕክምና ለሚሰጠው ከፍተኛ መጠን 24 ሰዓት፣ ቱቦው ከወጣ በኋላ ደግሞ ቢያንስ 4 ሰዓት።

አንድ ጥያቄ ግን አልተዘጋም፤ ምንም መድኃኒት ሳይወስዱ፣ ማንም መርፌ ሳያስገባባቸው እንደ ጃክሰን ታማሚ በድንገት የሚደማቸው ሰዎችስ? በ1940 ኦስካር ባትሰን በአከርካሪ ዙሪያ ያሉት ደም መላሽ ሥሮች ደሙን በአንድ አቅጣጫ የሚያስኬድ ክዳን እንደሌላቸው አሳይቶ ነበር፤ በሚያስልና በሚያምጥ ሰው ላይ ግፊቱ በቀጥታ ወደ እነሱ ይሄዳል። ከዚህ ተነሥተው በ1990 ሆላንዳውያኑ ግሩንና ፖንሰን ጥፋተኞቹ እነዚሁ ሥሮች ናቸው አሉ። ቢቲና ዊንስተን ደግሞ ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብለው ቢያንስ አንገት ላይ ያለው ደም ከደም ቅዳ ሥር መምጣት አለበት ብለው ተከራክረው ነበር፤ የደም መላሽ ግፊት ህብለ ሰረሰርን ለመጫን አይበቃም ይላሉ። የሁለቱም ወገን ክርክር ክብደት አለው፤ እኔን የሚያሳምነኝ ደም መላሽ ሥሮቹን የሚከሰው ነው፤ ክዳን የሌለው ሥር ባለበት ቦታ ግፊት መጨመሩ በቂ ምክንያት ይመስለኛል።

ምርመራው ራሱ ብዙ መንገድ ተጉዟል። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ፈረንሳውያኑ ሲካርና ፎሬስትየ በራጅ የሚታይ ዘይት ወደ አከርካሪ በመርፌ አስገብተው ቦዩ የት ላይ እንደተዘጋ ማየት ቻሉ። ለዕጢ ድንቅ ነው። ደም ለፈሰሰበት ሰው ግን መከራ ነው፤ ደሙ አልረጋ ያለ ሰው ላይ ችግሩን ለማግኘት ሌላ መርፌ መውጋት ሊኖርብህ ነው። ከዚህ ያወጣው ኤም አር አይ ነው፤ ፖል ላውተርበር በ1973 ሥዕሉን አሳተመ፣ በ2003 ከፒተር ማንስፊልድ ጋር ኖቤል ተሸለመ። ያለ መርፌና ያለ ጨረር ደሙ ከየት እስከ የት እንደተዘረጋ፣ ህብለ ሰረሰሩን ምን ያህል እንደተጫነ፣ ደሙ በሥዕሉ ላይ በሚያሳየው ለውጥም አዲስ ይሁን የቆየ መሆኑን ያሳያል። ኤም አር አይ በሌለበት ሲቲ ስካን ይረዳል፤ ትንሽ ደም ግን ሊያመልጠው ይችላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ለቀዶ ሐኪሙ ነው። የደም ማቅጠኛው ይቆማል፤ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ማርከሻ ይሰጣል፣ ለዋርፋሪን ቫይታሚን ኬና የደም ማርጊያ ንጥረ ነገሮች፣ ለሄፓሪን ፕሮታሚን። ለኢኖክሳፓሪን ፕሮታሚን የሚሠራው በከፊል ነው። ቀዶ ሐኪሙ ከጀርባ ገብቶ የአከርካሪውን የኋላ ጣሪያ ያነሣል፤ የረጋውን ደም ጠርጎ ያወጣል፤ የሚደማውን ሥር ይዘጋል። ሆርስሊ ካደረገው በመሠረቱ የራቀ አይደለም። በ1995 ሎውተንና ባልደረቦቹ በ30 ታካሚዎች ላይ ባሳተሙት ጥናት በ12 ሰዓት ውስጥ የተቀደዱት ከዘገዩት በተሻለ አገገሙ። በ1996 ግሩንና ቫን አልፈን ከ300 በላይ በድንገት የደሙ ሰዎችን ታሪክ ሰብስበው ተመሳሳይ ነገር አገኙ፤ በተለይ ቀዶ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ጥቂትም ቢሆን እንቅስቃሴ የቀረለት ሰው ዕድሉ እጅግ ይሻላል። ይኸው ግሩን በ2004 ደግሞ ያለ ቀዶ ሕክምና የዳኑ ሰዎችን ታሪክ አሰባስቧል፤ ምልክቱ ራሱ መሻሻል የጀመረለት ሰው በቅርብ እየተጠበቀ ሊታለፍ ይችላል። ይህን የሚወስነው ግን የነርቭ ቀዶ ሐኪም ነው፤ ተጠባባቂው ቤተሰብ ወይም ተረኛው አይደለም።

በ2004 የወጣው የስዊድን ጥናት የቀረውን ገለጠ። ሙንና ባልደረቦቿ ከ1990 እስከ 1999 በመላው አገሪቱ የተሰጠውን ቆጠሩ፤ 1,260,000 ስፓይናልና 450,000 ኤፒዱራል። በአከርካሪ ውስጥ ደም የፈሰሰው በ33 ሰዎች ላይ ነው። ኤፒዱራል በወሰዱ ወላዶች መካከል አደጋው ከ200,000 አንድ ነበር፤ ኤፒዱራል ተሰጥቷቸው ጉልበታቸው በተቀየረ ሴቶች መካከል ግን ከ3,600 አንድ። አንድ ዓይነት መርፌ፣ ከ50 ጊዜ በላይ የሚበልጥ ልዩነት። ነፍሰ ጡር ሴት ወጣት ናት፤ እርግዝናም ደምን ለመርጋት ያዘጋጀዋል። ስለዚህ ስለ «ኤፒዱራል አደጋ» በጥቅሉ መናገር ሳይሆን ማን ነው የሚወስደው ብሎ መጠየቅ ነው ትክክሉ። እኛ ዘንድ ለምጥ ቀዶ ሕክምና ወገብ ላይ የሚሰጠው ማደንዘዣ እጅግ የተለመደ ነው፤ ይህን አንብባ የምትፈራ እህት ካለች አትፍራ፣ ለእናትም ለልጅም ከሙሉ ሰመመን የተመረጠው በምክንያት ነው። የደም ግፊት በእርግዝና የተነሣባት እናት ግን ፕላትሌቷ (ደም እንዲረጋ የሚረዳው የደም ሕዋስ) ሊወርድ ስለሚችል አስቀድሞ መታየት አለበት።

ዎርዶቹም ተለወጡ። ማደንዘዣው ቀጠን ብሎ ሕመምን እንጂ እንቅስቃሴን እንዳያጠፋ ተደርጎ መሰጠት ጀመረ፤ ምልክቱ እንዳይደበቅ። በ2020 የብሪታንያ የማደንዘዣ ሐኪሞች ማኅበር ለወላዶች ባወጣው መመሪያ የመጨረሻው ማደንዘዣ ከተሰጠ ከ4 ሰዓት በኋላ እናቲቱ እግሯን ቀጥ አድርጋ ከአልጋው ማንሣት ትችል እንደሆነ ትጠየቃለች። ካልቻለች የማደንዘዣ ሐኪሙ ይጠራል። ማሽን አይጠይቅም፣ ገንዘብ አይጠይቅም። የየትኛውም ጤና ጣቢያ አዋላጅ ልታደርገው የምትችለው ነገር ነው፤ በእኛም ሆስፒታሎች ሁሉ በካርዱ ላይ አንድ መስመር ሆኖ ቢጻፍ እመኛለሁ።

ከሆስፒታል ውጭ ላለው ደግሞ አንድ አሳሳች መልክ አለ። አንገት ላይ የፈሰሰ ደም አንድ ጎን ብቻ ሊያደክም ይችላል፤ እጅና እግር በአንድ ወገን። ያየው ሁሉ ስትሮክ ነው ይላል። ስትሮክ ነው ተብሎ የረጋ ደም የሚያቀልጥ መድኃኒት ከተሰጠ ግን እየደማ ያለው ይብስበታል። የሚለየው ድንገተኛ ከባድ የአንገት ወይም የጀርባ ሕመም ቀድሞ መምጣቱና ፊት አለመጣመሙ፣ አንደበትም አለመተሳሰሩ ነው። ይህን በሽተኛው ወይም አብሮት የመጣ ሰው ካልተናገረ ሐኪሙ ላያውቀው ይችላል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፦ ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ዘመድ ካለህ የመድኃኒቱን ስምና የመጨረሻውን የወሰደበትን ሰዓት ጽፈህ ያዝለት፤ ለቀዶ ሕክምና ሲገባ የማደንዘዣ ባለሙያው ሳይጠይቅ ንገረው። በራስህ አታቋርጥበት፤ ያም ይገድላል። ወገቡ ላይ ማደንዘዣ የተሰጠው ሰው እግሩ በሰዓቱ ካልተመለሰ፣ ወይም ከተመለሰ በኋላ እንደገና ከደከመ፣ ሽንት ካቃተው፣ ወይም ድንገት ጀርባው ከተቆረጠ ነርሷን በዚያው ደቂቃ ጥራ፤ ይለቀዋል ብትባል እንኳ ሐኪም ይምጣልኝ በል። እቤት ከሆነ ኤም አር አይና የነርቭ ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ውሰደው። ሌሊትም ቢሆን ሂድ፤ እስኪነጋ አትጠብቅ።